በበቆሎ ሥር ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ያገኙት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

ልጆች ሳለን ከዘር መጋዘኑ ግድግዳ ጀርባ የሰማነው ንግግር ዛሬ ሙሉው ትዝ አይለንም። አንድ ገዢ ዘር ሻጩን አባታችንን አፋጥጠው ይዘዋቸው ነበር። «ማዳበሪያ ያልነካው በቆሎ እንዲህ አይለመልምም። የደበቁኝ ነገር አለ!» አባታችንም «ጌታዬ፣ መድኃኒቱን ባውቀው ኖሮ እዚህ አቧራ ስቅም እውል ነበር?» ብለው ሳቁ። ገዢው ምን እንደመለሱ ጠፍቶናል። ታላቅ እህታችን ግን አልሳቁም፤ አባታችንንም ጭምር ጠረጠሩ።

እህታችን በ1950 ዓ.ም. ከዘር ሻጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሱ በ1969 ዓ.ም. በአንድ የሰብል ምርምር ላቦራቶሪ በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ። እያጠቡ እያዩ፣ እያዩ እየጠየቁ፣ በስምንተኛው ዓመት ቴክኒሻን ሆኑ። ጠዋት ሲገቡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ማን ነካው?» ስለነበር ባልደረቦቻቸው «እትዬ ማን ነካው» የሚል ስም አወጡላቸው።

በ1974 ዓ.ም. ኤሌክትሪሽያን ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች ወልደዋል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «እኔ ሁለተኛ ባሏ ነኝ፤ የመጀመሪያው የቁልፍ ዘለላዋ ነው» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ማዳበሪያ በተከለከለ የሙከራ መደብ ላይ አንድ የበቆሎ ዓይነት ብቻውን ለመለመ። እህታችን የላቦራቶሪው ዘበኛ በድብቅ ማዳበሪያ በትኖበታል ብለው ሦስት ሳምንት ተከታተሉት። ምንም አላገኙበትም፤ ይቅርታም ጠየቁት። ቀጥሎ የበቆሎውን ሥር በአልኮልና በበረኪና አጠቡ፤ ደጋግመው በንጹሕ ውሃ አለቀለቁ። የመጨረሻውን እጥበት ውሃ በአንድ የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን፣ የተፈጨውን ሥር በሌላ ሳህን አስቀመጡ። የውሃው ሳህን ባዶ ቀረ፤ በሥሩ ሳህን ላይ ግን ባክቴሪያ በቀለ። ባክቴሪያው ከውጭ የተለጠፈ ሳይሆን በተክሉ ውስጥ የሚኖር ነበር ማለት ነው። ሌላ ዘር በዚያ ባክቴሪያ ነክረው ቢዘሩት እሱም ካልተነከረው ጎረቤቱ በልጦ አደገ። እህታችን ይህንንም አላመኑም፤ አሥራ አንድ ጊዜ ደገሙት።

ያመኑ ዕለት ደግሞ እንሰረቃለን ብለው ፈሩ። ስለዚህ የሳህኖቹን ምልክት ሆን ብለው አገላበጡት፤ በሥሩ ሳህን ላይ «ውሃ»፣ በውሃው ሳህን ላይ «ሥር» ብለው ጻፉ። ሥራቸው በክፍሉ በሚገመገምበት ቀን ማስተካከሉን ረሱት። የክፍሉ ኃላፊ «ውሃ» የሚለውን ሳህን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይኸው! ውሃዎ ራሱ ባክቴሪያ ሞልቶበታል። ይህ የእጅዎ ቆሻሻ ነው።»

«ምልክቱን እኔው ነኝ ያገላበጥኩት!»

«ዛሬ ምልክቱ፣ ነገ ደግሞ በቆሎው ሊገለበጥ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ሥራውም በዚያው ተዘጋ።

እህታችን ባክቴሪያውን በትንሽ ጠርሙስ ይዘው ወደ ቤት ገቡ። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ከቅቤው አጠገብ እያኖሩ፣ በየሦስት ወሩ ወደ አዲስ የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ ያዛውሩት ነበር። አንድ ጊዜ ቢዘለል ይሞታል። አሠራሩን ለማንም አልነገሩም።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አደከማቸው፤ እጃቸው ጠርሙስ መክፈት አቃተው። ታላቋ ልጃቸው «እማዬ፣ እኔንም ትጠረጥሪኛለሽ?» ብትላቸው «አንቺንማ አሳምሬ!» አሏት። እኛም ከመጸለይ በቀር አቅም አልነበረንም። ፈጣሪ ልባቸውን አራራውና፣ የማዛወሪያው ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጃቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው አስተማሯት። ባክቴሪያው ተረፈ። እርሳቸው ግን ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው አልፈዋል። የተሰወረውን ሁሉ የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ጥርጣሬ በሌለበት ያሳርፍልን።

የክፍሉ ኃላፊ ትናንት ሊያጽናኑን መጥተው፣ ሙከራውን ልድገመው ብለው ጠርሙሱን እንድንሰጣቸው ጠየቁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ለምን ብለን ጠረጠርን። ታላቋ ልጃቸውም «ጠርሙሱ ካለእኔ አይሄድም፤ ሙከራውም እኔ በሌለሁበት አይሠራም» አለቻቸው። ኃላፊው ባርኔጣቸውን አሻሹ። በመጨረሻም ሥሩን በገዛ እጃቸው ሊያጥቡ፣ የመጨረሻውን እጥበት ውሃ በሁሉ ፊት ወደ ሳህኑ ሊያፈሱ፣ የሳህኖቹን ምልክት ደግሞ እርሷ እንድትጽፍ ሊተዉላት ተስማሙ።