አጭሬን ጌዶ ለማድረስ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ፈላች። ዛሬም ፈላች። ጉደር ድረስ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ወርዳ፣ ስትመለስ ዳገቱን ሳታጋምስ የራዲያተሯ ክዳን ተስፈንጥሮ አረፋዋን መንገዱ ላይ ደፋችው። መንገደኛው ከበበን። አንዱ አህያውን አቁሞ፣ «ሞታ ነው ወይስ ተኝታ?» አለኝ። እስክትበርድ ጠበቅን፣ ውሃ ጨመርን፣ ትንሽ ሄድን፣ እንደገና ጠበቅን። አምቦ ስንገባ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ደግነቱ ፊቴን ያየው ሰው ጥቂት ነው።

ቅዳሜ ጌዶ መድረስ አለባት። ሳትገፋ፣ ሳትጎተት። ሞተሯ የኔ ብቻ ቢሆን ማን ይጠይቀኝ ነበር? ግን እኩሌታው የኦቦ ድንቃ ነው። ባኮ መንገድ ላይ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ሁለታችን ገንዘብ አዋጥተን ነው የወሰድነው። እኔ የራሴን መኪና ልሠራበት፣ እሳቸው ጌዶ ላይ ወፍጮ ሊያቆሙበት። ማን ይውሰደው የሚለውን ያኔ አልተነጋገርንበትም፣ ሁለታችንም ሌላው የሚተው መስሎን ነበር። በኋላ ነገሩ ከረረና ሽማግሌ ተቀመጠ። ፍርዱ፦ መኪናዋ የኦቦ ድንቃን የወፍጮ ድንጋይ ጭና ቅዳሜ ጌዶ ከደረሰች ሞተሩ እሷው ላይ ይቅር፤ ካልደረሰች ወፍጮ ቤት ይግባ። ሁለታችንም እሺ ብለን ተነሣን።

እሺ ስል እንደዚህ የምትፈላ አልመሰለኝም ነበር። ሁለት ዓመት የለፋሁባት ነገር ቅዳሜ ማታ የቆርቆሮ ክምር ልትሆን ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ ከማል የጭነት ሳጥኗን ጨረሰ። ከጭልሞ ደን የመጣ ጽድ ነው፣ ግቢው ሁሉ ሸተተ። ግቢውን ለሦስት ነው የያዝነው፤ እኔ መካኒክ፣ በየነ በያጅ፣ ከማል አናጢ። አጭሬ የሦስታችንም እጅ አለባት። ሻንሲው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። ጋቢናው ከሌላ መኪና የመጣ ሲሆን አናቱን በየነ ቆርጦ አሳጥሮታል፣ ስሟም የወጣው ከዚያ ነው። የጭስ ማውጫ ማርሚታዎቹ በጎንና በጎን እንደ ቀንድ ቆመዋል። ኮፈን የላትም፤ ሞተሯ ለዓለም ይታያል። ቀለሟ ቀይ ነው፣ ከማል ደግሞ በሮቹ ላይ ቢጫ የእሳት ነበልባል ሣለባት። ሐሳቡ የመጣው አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ከጣለው መጽሔት ነው፤ ገጹን ቀድጄ ግድግዳ ላይ ከለጠፍኩት ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ስትቆም ከመጽሔቱ ትበልጣለች። የቸገረኝ ስትሄድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ድንቃ የወፍጮ ድንጋዮቻቸውን አስጭነው መጡ። «አካም ኦልቴ፣ ታደለ» ብለው ጨበጡኝ፤ ክርክር ቢኖረንም ሰላምታ አያጎድሉም። መኪናዋን ዞሩና፣

«ኮፈኗን የት ጣልከው?» አሉኝ።

«ሞተሯ እንዲታይ ነው፣ ኦቦ።»

«ዝናብ ሲመጣስ?»

ስለ ዝናብ ማንም አላሰበም ነበር። ከማል ዞር ብሎ ሳቀ። ኦቦ ድንቃ ግን አልሳቁም። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቆንጆ ናት። የኛ ሰፈር ሴቶች ግን ቁንጅና አይፈጩም። እህል ተሸክመው ግማሽ ቀን ይሄዳሉ» አሉኝና ወጡ። ክፉ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

የሞተሩን ራስ ፈታሁት። የምትፈላው ተሰንጥቆ ነው ብዬ ነበር። አልተሰነጠቀም። በጣቴ ዳሰስኩት፣ በመብራት አየሁት፣ ምንም የለበትም። መልሼ አሰርኩት። የውሃ ፓምፑም ይሠራል። የማራገቢያው ቀበቶ፣ ቺንጋውም፣ ጥሩ ነው። ግቢው ውስጥ አስነሥቼ ብዙም ሳልቆይ ያው አረፋ። መፍቻውን ወርውሬ የከማልን መጋዝ ሰበርኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «መጋዙስ ይገኛል፣ አንተ ግን ብላ» አለኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ምንም አልቀመስኩም ነበር።

በየነ ደግሞ ከጎኔ ሆኖ ያጽናናኛል፤ የሚያጽናና ሰው ስናደድ ያበሳጨኛል። «ጨጓራዋን ነው፣ ቀስ እያለ ይለቃታል» አለኝ። ለመኪና። ዝም በል አልኩት። ሲከፋው አየሁ፣ ግን አላባበልኩትም።

ማታ አስካለ ሽሮ አቀረበች። «ሞተሩን ስጣቸውና ተገላገል» አለችኝ። ሚስቴ እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ተገኘ። ተገኘ፣ ተገኘ።

ጠዋት ብቻዬን ይዣት ወደ ጉደር ወጣሁ። ፈላች፣ እንደ ልማዷ። በየነ የሞላልኝን ጀሪካን አወረድኩና እስክትበርድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ አናቴን በሳው፣ ጠማኝ። ከጀሪካኑ ጠጣሁ። ምላሴን ቆነጠጠኝ።

አምቦ ውሃ። ከምንጩ የተቀዳ፣ ገና የሚፍለቀለቅ አምቦ ውሃ።

ጀሪካኑን አሽትቼ ደግሜ ቀመስኩት። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ገለበጥኩ፤ ከሥሩ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። እኛ አምቦዎች ቤታችን ውስጥ ማንቆርቆሪያችን ሥር ስንት ዓመት ያየነው ነጭ ነገር ነው። ራዲያተር ውስጥ ገብቶ የውሃውን መንገድ ይደፍናል ብሎ ግን ማን ይጠረጥራል?

ቀዝቀዝ ስትል እየተንፏቀቅሁ ተመለስኩና በየነን ያዝኩት።

«ከየት ነው ውሃ የምትቀዳው?»

«ከምንጩ ነዋ።»

«ለምን?»

የመለሰልኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «ያኔ መጀመሪያ ስናስነሣት ስታገሣ፣ ሆዷ ተነፍቶ አየኋታ። ሰው ሆዱ ሲነፋው ምን ይጠጣል? ለእንዲህ ያለችቱ ደግሞ የወንዝ ውሃ አይመጥናትም ብዬ ነው።»

ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ በየማለዳው ከቤቱ ሲመጣ እየቀዳ ሲያጠጣት ኖሯል። በፍቅር። እኔ ደግሞ ውሃ የሚሞላ ሰው ተገኘልኝ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሳቅ ነው። ከማል እየሮጠ መጣ፣ ነገርነው፣ መዶሻውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። በየነ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ኋላ እሱም ሳቀ። ሦስት ጎልማሶች በሳቅ ስንንከተከት የጎረቤት ሰው በአጥር አየን።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ሚካኤል ነው። በየነ በሚካኤል ብየዳ አይነካም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግን ነጠላውን አጣፍቶ መጣና፣ «ውሃ መቅዳት ሥራ አይባልም» አለ። ከሁሉቃ ወንዝ ሲመላለስ ዋለ። አንድም ጠብታ በሌላ ሰው አላስቀዳም።

ራዲያተሩን አወረድኩት። አስካለ ጉደር ካሉት ዘመዶቿ አንድ ዘንቢል ሎሚ አስመጣች፤ እንዴት እንደደረሰላት አላውቅም፣ ረቡዕ ማታ ተገላገል ያለችው ሴት ናት። ጎረቤቶቿን ሰብስባ አስጨመቀችልኝ። አንዷ «መኪናው ጉንፋን ይዞት ነው?» ብላ ጠየቀች። የፈላ ውሃና ሎሚ ስናንቆረቁርበት ነጭ እንደ ኖራ ያለ ነገር ይወጣ ጀመር። ደግመን፣ ደግመን። ከማል ሰላቱን ሰግዶ ሲመጣ ራዲያተሩን ወደ ፀሐይ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አየና፣ «ብርሃን ያሳልፋል» አለ።

ማታ የሁሉቃን ውሃ ሞልተን አስነሣናት። ብዙ አቆየናት። ምንም። እጄን ራዲያተሩ ላይ ጣልኩ፤ ትሞቃለች እንጂ አታቃጥልም። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ግቢ ውስጥ መቆም ሌላ፣ የጌዶ ዳገት ሌላ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13፣ ጌዶ

ደረሰች።

በቅጡ ልጻፈው። ማለዳ ድንጋዮቹን ጫንን፤ ሳጥኑ ሲጮህ ከማል ዓይኑን ጨፈነ። በየነ ከኋላ ድንጋዮቹ ላይ ተቀመጠ፤ ኦቦ ድንቃና ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢና ገቡ። አናቱ የተቆረጠ ስለሆነ ኦቦ ድንቃ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያዙ፣ እስከ ጌዶ አላጠለቁትም።

ጉደር ድረስ ቀላል ነበር። ከጉደር ወዲያ ማርሹን ወደ አንደኛ መለስኩና ጸሎት ጀመርኩ። አጭሬ አጓራች። ማርሚታዎቿ ሲያስገመግሙ ከብት ሁሉ መንገድ ለቀቀ፣ እረኞቹም ቆመው አዩ። ዓይኔ ከራዲያተሩ ክዳን አልተነቀለም፤ ኮፈን ስለሌላት ሁሉ ነገር ፊት ለፊቴ ነው። ትንሽ እንፋሎት ወጣ። ኦቦ ድንቃም አዩት። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንፋሎቱ ቀጠነ፣ ጠፋ። ከዚያች በኋላ አልወጣም።

አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ ቆሞ፣ ሾፌሩ ውሃ ሲጨምር ደረስንበት። አልፈነው ሄድን። በየነ ከኋላ ሆኖ ያለውን አልሰማሁም፣ ግን ሾፌሩ ጡጫውን አሳየን። እንደዚያች ቅጽበት ደስ ያለኝ የሠርጌ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም አስካለ እንዳታነብብኝ።

ጌዶ ስንገባ ሰው ከገበያው ወጥቶ ተከተለን። ኦቦ ድንቃ ወፍጮ ቤት በር ላይ አቆምኩ። «ጌኜ፣ ደረስን» አሉ፤ በርጋታ። ወርደው፣ ሽማግሌው ፍርድ ከመናገራቸው በፊት፣ ራሳቸው እጄን ያዙና፣ «ሞተሩ ያንተ ነው» አሉኝ በሰው ፊት። አላቅማሙም።

እስከዚህ ድሉ ነው። ድንጋዮቹ ሲወርዱ ያዩ ሴቶች ከበቡን፣ መቼ ይጀምራል ብለው ኦቦ ድንቃን ጠየቋቸው። «ሞተር የለም» አሉ። ወደኔ እንኳ አላዩም። ራት በቤታቸው ነው፤ ጎመኑን አቅርበው «ብላ፣ ደክሞሃል» ሲሉኝ ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተነሣሁ። ያሸነፍኩት እኔ፣ አንገቴን የደፋሁት እኔ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15፣ ጌዶ

ትላንት ከቅዳሴ በኋላ ወፍጮ ቤቱን ገብቼ አየሁ። ጣራው አለ፣ መዘውሩ አለ፣ ረጅሙ ቺንጋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ የሚያዞረው ብቻ ነው የጠፋው። በየነን ጠርቼ ያሰብኩትን ነገርኩት። «ቀለሟ ይበላሻል» አለኝ። ይበላሽ አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሰማሁት ብዬ አላምንም።

ዛሬ ድንጋዮቹን ከኦቦ ድንቃ ልጆች ጋር ቦታቸው ላይ አስቀመጥን። አጭሬን በኋላዋ ወደ በሩ አስጠጋሁ። አንዱን የኋላ እግሯን በክሪክ አንሥተን ግንድ አስደገፍን፣ ሌሎቹን በድንጋይ ቀረቀርን። የተነሣውን ጎማ አወለቅሁና ቺንጋውን ከመዘውሩ አምጥቼ ባዶ በቀረው የብረት ቸርኬ ላይ አጠለቅሁ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወለቀ። በየነ ቸርኬው ላይ ጠርዝ በየደለት። ከዚያ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።

ድንጋዩ ዞረ።

ኦቦ ድንቃ በቆሎ አፈሰሱበት። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር አንዲት አሮጊት እጃቸውን ከሥሩ ሰደው ዘገኑና አሸት አሸት አደረጉት፣ ለጎረቤታቸውም አሳዩ። እልልታው ከማርሚታው በለጠ። ኦቦ ድንቃ ወደኔ መጡ፣ ትከሻዬን ያዙ። ዓይኔ ያለቀሰው ከዱቄቱ ነው ብያለሁ፣ በየነ ግን አላመነኝም።

ተስማማን። በሳምንት ሁለት ቀን እዚህ ትፈጫለች፣ ሌላውን ቀን የኔ ናት። ሽማግሌ አላስፈለገንም።

ነገ ጎማዋን መልሼ አምቦ እወርዳለሁ ብያለሁ። ከማል ነበልባሉን ዱቄት በልቶት ሲያይ ምን እንደሚለኝ እንጃ። እሱም ከወጣሁ ነው። አሁን ሄጄ ሳያት ሴቶቹ ለነገ ወረፋ ይዘው ጆንያቸውን ዙሪያዋን ደርድረው ሄደዋል፣ ፊት ለፊቷም ሳይቀር። ከገዛ መኪናዬ ጋር ለመውጣት መጀመሪያ እነሱን ማስፈቀድ አለብኝ።