የሐሞቴ ቧንቧ ዘበኞች

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 1977

ሙዘይን፣ ወንድምህ ቢጫ ሆኖልሃል! ዓይኔ እርድ መስሏል። ለስልጠና መጥቼ ሆስፒታል ተኛሁ። የወፍ በሽታ መስሎኝ ነበር፤ ዶክተሯ ግን ዛሬ ከጉበቴ የተወሰደች ቅንጣት በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ሐሞት የሚወርድባትን ቀጭን ቧንቧ ነጭ የደም ሕዋሶች ከበዋታል።

«ምን ፈልገው ነው?» አልኳት።

«ሥራቸው አንተን መጠበቅ ነበር። አሁን የገዛ ቧንቧህን ጠላት ነች ብለው አቆሰሏት። አብጣ ስለጠበበች ሐሞቱ አላልፍ አለ። ጨርሳ ከተዘጋች ጉበትህ አለቀለት።»

ማልቀስ ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ። አንተ ትዝ ብለኸኝ ነዋ! የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ቀይ ጨርቅ ክንድህ ላይ አስረህ ዘብ ቆመህ፣ ሻጯን እትዬ ሸዋገነትን ቁልፉን እንደያዙ «ወረፋ ይያዙ!» ብለህ ከሰልፉ ጭራ አላቆምካቸውም? ሽሮ ሜዳ በሙሉ ለስኳር ብሎ የተዘጋ በር ፊት እስከ ቀትር ተገተረ።

ለዶክተሯ አጫወትኳት።

«ታዲያ በሩ እንዴት ተከፈተ?»

«ዘበኛው በሻጯ ጥፊ ተመትቶ።»

እሷ ግን ዘበኞቼን የሚያበርድ ክኒን ሰጠችኝ።

ፖስት ካርዷ ሞላች። ለእናቴ ቢጫ መሆኔን እንዳትነግርብኝ፤ ትንሿን እህትህን ሙኒያን ሳምልኝ። ክኒኑ ካልሠራ እትዬ ሸዋገነትን ላክልኝ።

ተክለ ሃይማኖት