የአዴ ዘይነባ ትርጉም

እሑድ

ይህን ለሰው ብናገረው አፍራለሁ፤ ስለዚህ እዚሁ ይቅር። እኔ፣ ስንት ዓመት በመጽሔት ላይ የሰውን ወሬ ሳጣፍጥ የኖርኩት ሴትዮ፣ የሌለ ፊልም ለአንባቢ አውርቻለሁ። ማለቴ፣ ፊልሙስ አለ። ያወራሁት ታሪክ ነው የሌለው። “ከማይረሱኝ አንዱ” ብዬ ገጽ ሙሉ ጽፌበታለሁ እኮ!

ትናንት ነው ጉዱ የወጣው። ቅዳሜ እንደ ወትሮው ሦስታችን ሶፋው ላይ ነበርን፤ እማዬ በግራ፣ ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ በቀኝ፣ እኔ መሃል የገብስ ቆሎ ታቅፌ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ጉልበት። ውጪ የሐምሌ ዝናብ። የጭላሎ ተራራ ከነመኖሩም አይታይም። አሰላ በክረምት ያላት ደስታ ይኼው ነው፤ የድሮ የሕንድ ፊልም። ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ሴትዮዋ በአንድ ዘፈን አምስት ቀሚስ ትቀይራለች፣ እማዬ ቃሉን ሳታውቅ አብራ ታንጎራጉራለች።

ሁልጊዜ የምናየው በዓረብ ጣቢያ ነው። ተዋናዮቹ በሕንድኛ ያወራሉ፣ ከሥር የዓረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። እማዬ “ምን ይላል?” ትላለች፤ አዴ ዘይነባ መነጽራቸውን ያደርጉና ያነቡልናል። በልጅነታቸው አርቦዬ ከተማ ቁርኣን ቀርተዋል፤ ማንበቡን ተምረዋል ማለት ነው። ከሦስታችን ያንን ፊደል የሚለዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ትናንት ሪሞቱን ስነካካ ያንኑ የጻፍኩበትን ፊልም፣ የአምባር ሻጯን፣ አንድ አዲስ ጣቢያ ላይ በአማርኛ ድምፅ ተተርጉሞ አገኘሁት። ምነው እጄን በቆረጠው።

በአዴ ዘይነባ ትርጉም አምባር ሻጯ የጠፋ ልጇን ስትፈልግ ኖራ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ዳኛው ልጇ ሆኖ ይገኛል። ከወንበሩ ወርዶ እግሯ ላይ ይወድቃል። እኛ እዚህች ላይ ስናለቅስ ዓመታት ሆነን። በአማርኛው ግን ያ ጥቁር ካፖርት ለብሶ ትልቅ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ቤት አከራይ ነው። ጎንበስ ያለውም የወደቀ ቁልፍ ሊያነሳ ነው። ልጁን ገና ሲጀመር ወንዝ ወስዶታል።

እኔ ሞኟ ሳቅ አመለጠኝ። “አዴ ዘይነባ፣ ታዲያ ዳኛችንን የት ጣሉት?” አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። የዐስር ሶላት እንዳያልፈኝ ብለው ተነሱ። ለሶላቱ ገና ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም። መነጽሩ ሶፋው ላይ ቀረ።

እማዬ አልሳቀችም።

ሰኞ

እማዬ ዛሬ ያለችው ሁሉ፦ “አልራበኝም”፣ “በሩን ዝጊው”፣ “ተይኝ”።

ከሰዓት በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳደረገች “ስንቱ ነው?” አለችኝ።

ሰዓት የጠየቀችኝ መስሎኝ ነገርኳት።

“ሰዓቱን አላልኩም። ስንቱ ፊልም ነው ውሸት?”

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ወንድማማቾቹ ባቡር ጣቢያ የሚገናኙበት። ዓይነ ስውሯ እናት ልጇን በድምፁ የለየችበት። ወታደሩ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት፣ በሠርግ ቀን በር ላይ የቆመበት። በአዴ ዘይነባ ትርጉም ቤቱ ሳይመለስ የቀረ አንድ ልጅ የለም። አንድም!

ደግሞስ የቱ የዓረብኛ ጽሑፍ ነው ሁልጊዜ “ዱር ዱር” ብሎ የሚጀምረው? “ድሮ ድሮ” ማለት ነው በኦሮምኛ፤ ተረት ሲጀመር የሚባል። ፊልሙ በተከፈተ ቁጥር መነጽራቸውን ያስተካክሉና “ዱር ዱር…” ይላሉ። ለዓመታት ሰማሁት። ጸሐፊ ነኝ ባይ ነኝ ደግሞ።

መጻፍ የማልፈልገውን ልጻፈው። ወንድሜ መስፍን ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ በሞያሌ በኩል ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አንዴ “ድንበር ተሻገርን” ብሎ ደወለ። በቃ። እማዬ አላለቀሰችም፣ ተዝካርም ይውጣ አላለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልሟን አየች። እኔ ረስታ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ

ይቅርታ ልጠይቅ አዴ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። መነጽሩን ልወስድላቸው ብል እማዬ ትራሷ ሥር ከትታዋለች፤ አልሰጥም አለች።

በረንዳቸው ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቀና አላሉም። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ መሳቅ አልነበረብኝም፣ ስል መላጡን ሳያቆሙ አዳመጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

“ፊደሉን አነባለሁ፣ ኢንታላ ኮ። ከላይ እስከ ታች አነብልሻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ማን አስተማረኝ? ሼኩ ያስቀሩን መቅራት ብቻ ነው።”

ኢንታላ ኮ ልጄ ማለት ነው። ሳይቆጡኝ ሲቀሩ እንዲህ ነው የሚሉኝ።

ከዚያ ስለ መጀመሪያዋ ቀን ነገሩኝ። የመስፍን ስልክ በጠፋ በሳምንቱ ነው። እማዬን ላጫውታት ብለው ሲመጡ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ወጣት ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተጋድሟል፤ እናቱ ደረቷን ትመታለች። እማዬ ዞር ብላ “ምን ይላል?” አለቻቸው።

“ፊቷን አየሁት። ‘ታሞ ነው፣ ይድናል ይላል’ አልኳት። ከዚያ ወዲያ በየት ልመለስ? በሚቀጥለው ቅዳሜ አላውቅም ልበላት?” ሽንኩርቱን ትተው እጃቸውን አዩ። “ቁርኣን በተጻፈበት ፊደል ዋሸሁ። እኔና አላህ እንተያያለን። እናንተ ሶፋ ላይ ግን ሁለተኛ አልቀመጥም።”

ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ፈራሁ።

ረቡዕ

ብልጥ ነኝ ብዬ እማዬን በአማርኛው ጣቢያ ላጽናናት ሞከርኩ። ሌላ የድሮ ፊልም፣ ዘፈኑ የሚያምር፣ ሴትዮዋ ገና በሁለተኛ ቀሚሷ ላይ ያለች። አሥር ደቂቃም አልቆየች። “አጥፊው፤ ሁሉም በአማርኛ ይሰማል፣ ለኔ የሚታየኝ ምን ቀረ?” አለችኝ።

ቀጥላ ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የመስፍንን ጃኬት አወጣች፤ ያንን በቆጂ ለሩጫ ልምምድ በሄደበት ዓመት የገዛውን ሰማያዊ። በየወሩ ታናፍሰዋለች፣ አንድ ቀን እንኳ ለሰው አውሳው አታውቅም።

“ለነዳያን ስጪው። ብርድ ነው።”

በእጄ አስይዛኝ ተመልሳ ተኛች። አልሰጠሁም። አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ይህን ስጽፍ እግሬ ይነካዋል።

የአዴ ዘይነባን ዳኛ እፈልገዋለሁ። ከነካፖርቱ።

ሐሙስ

መብራት የለም። ዝናብ አለ።

ጠዋት አዴ ዘይነባ ወደ ገበያ ሲያልፉ በመስኮት አየኋቸው። በእኛ በር ላይ ሲደርሱ ጃንጥላቸውን ወደኛ በኩል አዘነበሉት። ዝናቡ በዚያ በኩል አልነበረም። እማዬም አይታ ኖሯል፤ “ሳትጠይቀኝ አልፋ አታውቅም” አለች።

በዚህ ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ነጭ ጨርቁን፣ “ይድናል”ን፣ መቅራቱን፣ አላህን።

ከዚያ የማልጠብቀውን ሰው አነሳች፤ አባቷን። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ማለዳ ማለዳ ዳዊት ሲደግሙ፣ እሷና እህቶቿ የግዕዙ ትርጉም ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ በጭራ ያባርሯቸው ነበር አሉ። አንድ ቀን ቄሱ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቋቸው፣ “የሚያውቀው ይስማው፤ የኔ ድርሻ ማድረስ ነው” ብለው መለሱላቸው።

እማዬ ሳቀች። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ግን ሳቁ ሳያልቅ ፊቷ ተመልሶ ጨለመ።

“ዘይኔ ምን እንዳደረገችኝ ታውቂያለሽ? በየሳምንቱ አንድ ልጅ ቤቱ አስገባችልኝ። አሁን ሁሉንም በአንድ ቀን መልሳ አስወጣችብኝ።”

ባቄላ ቀቀልኩላት፣ ግማሹን በላች። ይህንንም እንደ ድል ልቁጠረው።

ዓርብ

ምሳ ሰዓት ላይ እማዬ ጸጉሯን ታጥባ፣ ሻሿን አስራ ጠበቀችኝ።

“ሂጂና ዘይኔን ‘ዱር ዱር’ በያት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ የሷ ፋንታ ነው።”

ውሸት መሆኑን አውቀሽም ቢሆን ነው ወይ? አልኳት። በንቀት አየችኝ። በልጅነቴ “ተረት ተረት” ስትለኝ “የላም በረት” እያልኩ የምመልሰው፣ በረት አይቼ ነበር ወይ? አለች።

በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። “ጃኬቱን ሰጠሽው?”

“ገና ነኝ።”

“እንግዲህ ዝናቡ ይለፍ” አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔም መቅራት ብቻ ነው የማውቀው።

አዴ ዘይነባ መልእክቱን ቆመው ሰሙ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

“እሷ ናት ያለችው? አንቺ የጨመርሽው አይደለም?”

“እሷ ናት።”

“እያወቀች?”

“እያወቀች፣ አዴ ዘይነባ።”

ከጁምዓ የሚመለሱ ሰዎች እያለፉ ስለነበር ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። “መነጽሬ የለኝም” ብቻ አሉ። መነጽሩ ቢኖርዎትስ ምኑ ይገባዎታል፣ ልል ነበር፤ ደግነቱ አፌን ያዝኩ።

ቅዳሜ

ስድስት ሰዓት ከሩብ። ፊልሙ ስድስት ተኩል ነው። መብራት አለ፤ እስካሁን። ዝናቡ አላባራም፣ ከበራችን እስከ እሳቸው በር ያለው መንገድ ጭቃ ነው።

እማዬ በግራ በኩል ተቀምጣለች። መነጽሩን ከትራሷ ሥር አውጥታ፣ በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ፣ በቀኝ በኩል ባለው ቦታ ላይ አስቀምጣዋለች። እኔ ሄጄ ልጥራቸው ስል “ተቀመጪ” አለችኝ። ቴሌቪዥኑን ወደ ዓረቡ ጣቢያ መልሼዋለሁ። የዛሬው ፊልም ከዚህ በፊት አይተነው የማናውቀው ነው፤ ማስታወቂያው ላይ አንድ ልጅ በጀልባ ሲሄድ፣ አንዲት እናት ዳር ላይ ቆማ ታያለች።

ውጪ በኩል የቆርቆሮው በር ተንኳኳ ልበል፣ ወይስ ንፋሱ ነው? እማዬ አልዞረችም፤ ብርድ ልብሱን ብቻ ወደ ቀኝ ዘረጋችው።

ልይ። እሳቸው ከሆኑ፣ ያ የጀልባው ልጅ ቤቱ መግባት አለመግባቱን ከመምሸቱ በፊት እዚሁ አሰፍረዋለሁ።