የዘገየው የክርስትና ስም

ለወንድሜ ለአያ ሰውአገኝ፣ እንደ ኮሶዬ ብርድ የበረታ ሰላምታዬ መተማ ድረስ ይድረስህ።

እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱም ሸጋ ነው። ጎንደር ሐኪም ቤት ልተኛ ነውና፣ አስቀድሜ ልቁረብ ብል፣ ቄሱ የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ፤ አላውቀውም። እናታችን፣ «በሰማንያ ቀንሽ ታምሜ ነበር፤ አክስትሽ ክርስትና ያስነሳችሽ መስሎኝ» አለች። አክስታችን ደግሞ «እኔስ እናትሽ መስላኝ» አትለኝም! ሁለቱ ሲተማመኑ ሃምሳ ዓመት ሳልጠመቅ ኖርሁ።

እሑድ ተጠመቅሁ፣ ቆረብሁም። የክርስትና እናቴ ምስጢር የምትባለው የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ በሃያ ዓመት የምበልጣት ሴት «ልጄ» ብትለኝ ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ።

ለፋሲካ መምጣትህ ሸጋ ነው፤ ቀደም ብትል ደግሞ ይበልጥ ሸጋ። በደኅና ያገናኘን። ስሜ ወለተ ሥላሴ ነው፤ እናታችን ትረሳለችና አንተ በቃልህ ያዘው።

እህትህ ዓይናዲስ