በበርበሬ ውስጥ የመጣው ገንዘብ

ጉለሌ፣ ሐምሌ ፳፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጆቼ አባት፣ ለደቻሳ፣ ባለህበት ይድረስልኝ።

ክረምቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ጽጌረዳ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች። አንተ ያላየሃት ትንሿም ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራለች። በእናትህ ስም ሾዴ ብያታለሁ። ይህን በፋሲካው ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር፤ ይድረስህ አይድረስህ ግን አላወቅሁም። ለጥምቀት የላክሁትም መልሱ አልመጣም። ይኸኛው ሦስተኛዬ ነው።

የሚጽፉልኝ መሪጌታ ስብሐት ናቸው። ወረቀቱ በመንገድ ቢያዝ ሰው እንዳይጠፋበት ብለው፣ ከልጆቹ በቀር የሰዉን ስም ሁሉ ለውጠውታል፤ ያንተንም የራሳቸውንም። አንተ ግን ማን ማን እንደሆነ ከነገሩ ታውቀዋለህ።

የምጽፍልህ ስለ ገንዘቡ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ ዓምና በመጋቢት ዱር ከገባህ በኋላ፣ ጣሊያን በየካቲት ካነደደው እሳት ከተረፈው ቤታችን አንዱን ጥግ በቅጠል ከድኜ ከጽጌረዳ ጋር ተቀመጥሁ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጠረግሁ ወደ ከተማ እሸከም ነበር። ኬላው ላይ ያሉት ወታደሮች የፈለጉ ቀን ያሳልፉኛል፣ ያልፈለጉ ቀን ሸክሜን አውርደው ለራሳቸው ያነዱታል። ሾዴን ከወለድሁ በኋላም ሰማንያ ቀኗ እስኪሞላ መቀመጥ አልቻልሁም፤ አዝያት ወደ ጫካው ተመለስሁ። ጡቴ ደረቀ። ጽጌረዳ ራት ሳትጠይቅ መተኛት ለመደች። ከሁሉ የከፋብኝ እሱ ነበር፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሩቅያን ታውቃታለህ፣ ጨውና በርበሬ ሻጯን፣ ገበያ ስንሄድ በቅሎህን ደጇ የምታስርላትን። ኅዳር ላይ ቅጠሌን ሸጬ ሳልፍ ጠራችኝና የተጠቀለለ በርበሬ እጄ ላይ አኖረች። የምከፍለው የለኝም አልኋት። አልጠየቅሁሽም፣ ቤትሽ ገብተሽ ፍቺው፣ በየወሩ ከሚካኤል ማግስት ነይ፣ ከማን ነው ብለሽ ግን አትጠይቂኝ አለችኝ።

ቤት ገብቼ ብፈታው በበርበሬው መካከል የጣሊያን ወረቀት ገንዘብ፣ ሊሬ፣ አገኘሁ። በርበሬው አስነጠሰኝ፤ እያስነጠስሁ አለቀስሁ። ደቻሳ ነው አልሁ። ሌላ ማን ያስበኛል? በሕይወት አለ፣ የደረሰበትም ቦታ ሰው አግኝቶ ላከልኝ አልሁ። ጽጌረዳንም አባትሽ ላከልን፣ ለማንም እንዳትነግሪ አልኋት። በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ መሪጌታ ሊጽፉት አይችሉም።

ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ግን አንድ ወር ቀርቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ገብስና ባቄላ ገዛሁ። በሁለተኛው ሰው ቀጥሬ ቤቱን ሣር አለበስሁት። ከዚያ ቅጠሉን ተውሁና ጥጥ እየገዛሁ መፍተል ጀመርሁ፤ እዚህ ያሉት ሸማኔዎች ፈትሌ ቀጭን ነው ብለው ይወስዱልኛል። አንዲት በግ ገዛሁ፣ ወለደችም። ጡቴ ተመለሰ። ጽጌረዳ ማታ ማታ «ዛሬ ምንድን ነው የምንበላው?» ማለት ጀመረች። እኔም በመጋቢት ሆኜ የሰኔን ማሰብ ጀመርሁ፤ ከዚያ በፊት የማስበው ለማታ ብቻ ነበር።

ግን ደቻሳ፣ አዲስ ሣር ከሩቅ ይታያል። ወንድ የሌለበት ቤት እንዴት ተከደነ ተባለ። አንድ ቀን ጥጥ ስገዛ ወረቀቱን ከመቀነቴ ሳወጣ ሰው አየኝ። እዚህ መንደር ሊሬ በየወሩ የሚያገኝ ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ለጣሊያን ወሬ የሚያቀብል ነው።

በግንቦት ወታደሮች መጥተው አጥናፉን ወሰዱት፣ ያን ደጉን ጎረቤታችንን። ቀጥ ብለው ገብተው ጠመንጃውን ከጣራው ሥር አወጡት፤ የነገራቸው ሰው አለ። ሚስቱን ዓለምፀሐይን ታውቃታለህ። ሾዴን ያዋለደችኝ እሷ ናት፤ እትብቷን የቆረጠችው እሷ ናት። በማግስቱ ምንጩ ጋ ስደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ አነሡ። ዓለምፀሐይ ግን ቆማ ጠበቀችኝ። ድምጿን ሳታሰማ፣ ፊቷን ፊቴ ላይ አድርጋ፣

«የባሌን ዋጋ ነው የምትበዪው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ባሌ ከዱር ይልክልኛል ብል፣ ያ ቃል ወታደሮቹ ጋ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም፤ እኔ ብሰቀል ልጆቹ የማን ናቸው? ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠሩብኝ። የማርያም ማኅበር ተራዬ ሲደርስ አለፉኝ። የመንደሩ ልጆች ከጽጌረዳ ጋር መጫወት ተዉ። ሰኔን ሙሉ የሚያናግረኝ ሳይኖር ከረምሁ። ሰው በደጄ ባለፈ ቁጥር፣ አንድ ጊዜ ወታደር ነው፣ አንድ ጊዜ የአጥናፉ ወንድሞች ናቸው እያልሁ እደነግጣለሁ። የዓለምፀሐይ ልጆች ደግሞ ሲርባቸው በአጥሩ በኩል እሰማቸዋለሁ።

አሁን በሐምሌ ሩቅያ ጋ ስሄድ ቆርጬ ነበር። ለደቻሳ ላኪበት አልኋት፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ለሁለት ይከፈል፣ አጥናፉ እስኪፈታ ግማሹ ለዓለምፀሐይ ይሁን፣ እሷም ገንዘቡ ከጣሊያን አለመምጣቱን ትወቅልኝ።

ሩቅያ አየችኝ። ከደቻሳ ነው ያለሽ ማን ነው አለችኝ። ማንም አላለኝ አልኋት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ገንዘቡን የሚያዋጡት ከተማ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ የአንገት ወርቃቸውን የሸጡ አሉ፣ ቤታቸውን ያከራዩ አሉ። በሊሬ የሚሆነውም፣ ብር የሚመነዝር ሰው ከየት አመጣህ ተብሎ ስለሚጠየቅ ነው። እኔ አላውቃቸውም፤ እነሱ ግን ስሜን ያውቁታል።

ካንተ አለመሆኑ ከፋኝ፣ ግን ያኔም አልገባኝም። ደጎች ናቸው ብዬ አመሰገንሁ። እንግዲያስ ለዓለምፀሐይም ይስጧት፣ ባሏ ታስሯል፣ ልጆቿ ተርበዋል አልኋት።

«አይሆንም» አለችኝ። «ለሁሉ አይበቃም። የታሰረ ይፈታል። የሚሰጡት የሚመለስ ለሌላቸው ነው።»

ይህን ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ጨው የጠየቃት ሰው ሳይኖር ጨው መስፈር ጀመረች። ሰፈረች፣ መልሳ ገለበጠችው፣ ደግማ ሰፈረች። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ።

ዝናብ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ነው የሚሰጡኝ እያልሁ መጣሁ። ጥምቀትም ፋሲካም ከኅዳር በኋላ ናቸው። ሁለቱም ደብዳቤዎች ከኅዳር በኋላ ናቸው።

ወደ ቤቴ አልገባሁም። ሾዴን እንዳዘልሁ ዓለምፀሐይ ቤት ገባሁ። ልታስወጣኝ ተነሣች። ገንዘቡን መደቡ ላይ ፈትቼ ለሁለት ከፈልሁትና ግማሹን ወደ እሷ ገፋሁት።

«ማን እንደሚሰጠኝ ልነግርሽ አልችልም» አልኋት። «ጣሊያን አይደለም። የሚሰጠው ባሏ ለማይመለስ ሴት ነው። ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ዓለምፀሐይ ገንዘቡን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰጡሽ ብላ ጠየቀችኝ። ከኅዳር አልኋት። ያን ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ልትጮህ መሆኑን አውቄ በእጄ ያዝሁት። ማንም አልነገረኝም፣ ካለቀስሽ ሰው ይሰበሰባል፣ ሰው ከተሰበሰበ እውነት ይሆናል አልኋት። ነጠላዋን ነከሰች። ሾዴን ከጀርባዬ አውርዳ እሳቱ ዳር ይዛልኝ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ውሃ የምንወርደው አብረን ነው። እሷ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ እከተላለሁ። ለሌሎቹ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ መንገድ ይለቁልኛል። እንዲያውም አንዳንዶቹ ሲያዩኝ ዐይናቸውን ይሰብራሉ፤ ከስድቡ ይልቅ ይህ አሁን ያስፈራኛል።

መሪጌታ እዚህ ላይ ብዕራቸውን አስቀምጠው ነበር። ይጻፉ እንጂ አልኋቸው።

ሩቅያ ሞቷል አላለችም። የሚመለስ ለሌላቸው ነው ያለችው። ሰው ደግሞ ይሳሳታል፤ በዱር የአንዱ ስም ለሌላው ይወራል። ከተሳሳቱ አንድ መስመር ጻፍልኝ፤ ካልሆነም ሰው ላክና ተቆጣኝ፣ ለምን የማይገባሽን በላሽ በለኝ። በጎቹን ሸጬም ቢሆን የበላሁትን እመልሳለሁ። የነሐሴው ቀን ሲደርስ ምን እንደማደርግ ግን ጨንቆኛል። ሄጄ ብቀበል ያንተን ነገር በእጄ የፈረምሁ ይመስለኛል። ብቀር ደግሞ ጽጌረዳ ራት መጠየቋን ትተዋለች። የዓለምፀሐይም ልጆች አሁን ከዚያው ነው የሚበሉት። ምን ይሻላል?

የዛሬ ሳምንት ፍልሰታ ይገባል። ልጆቹን ይዤ እንጦጦ ማርያም ሱባኤ እወጣለሁ። ዓምና የክርስትና ስምህን ለካህኑ ስሰጣቸው፣ በሕይወት ካሉት ነው ወይስ ካረፉት ብለው ጠየቁኝ። በሕይወት ካሉት ነው፣ ዱር ነው ያለው አልኋቸው፤ ጮክ ብዬ ነበር የተናገርሁት። ዘንድሮም ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?

እመቤታችን አትለይህ። ባለህበት ብርድ አያግኝህ።

የጽጌረዳና የሾዴ እናት፣
ሚስትህ ውባለም