ገለባ በሳፋ ላይ

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ፣ 2001፣ ወገዳ

ደከመኝ። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ትምህርት ስለ ናኖቴክኖሎጂ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ስለ ሞለኪውሎች ነበር... ሠሪ እጅ ሳይነካቸው ራሳቸው ተጠጋግተው ይገጣጠማሉ። ቀሪውን ማስረዳት የእኔ ሆነ። እኔስ መቼ ገባኝ?

ይሁኔ እጁን አወጣ። ከቤተ ልሔም የአብነት ትምህርት ቤት የመጣው፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው። "ቲቸር፣ ያለ አዛዥ ቦታቸውን እንዴት ያውቃሉ?"

"ይሄ ቅኔ ቤት አይደለም፣ ዝም ብለህ ጻፍ" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ይሁኔ ከማክሰኞ ጀምሮ የለም። "ትምህርቱን ትቶ ቤተ ልሔም ሊመለስ ነው አሉ" አለችኝ ሕሊና፣ የክፍሉ አለቃ። በእኔ ምክንያት ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

የሞለኪውሎቹን ነገር ለቀሩት ተማሪዎች በሳፋ ውሃ ላሳይ ብዬ ነበር። የተከታተፈ የገብስ ገለባ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ማንም ሳይነካው ይጠጋጋል፤ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ዛሬ ግን ትንሽ ቆየና ሰጠመ። ሃምሳ ስምንት ልጅ ሳፋውን ትቶ እኔን አየ። ቤት ገብቼ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድኩ። ይሁኔን እዚያ አገኘሁት። ነገ ሚካኤል አይደል፣ ነጠላውን በእንዶድ ያሻል። ምን ልበለው... ስለ ሳፋው አወራሁለት።

"ሳፋው በምን ታጥቦ ነው?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ፈትለወርቅ ሁሉንም ዕቃ በእንዶድ ነው የሚያጥቡት" አልኩት።

"እንግዲያማ አይሆንም። እንዶድ የነካው ውሃ ገለባውን ቶሎ ያርሰውና ያሰጥመዋል።"

አፈርኩ። ትምህርቱ ራሱ እኮ ነው! የእንዶድ ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ይሸሻል። ውሃ የሚሸሹት ጫፎች ማንም ሳያዛቸው ወደ ውስጥ ዞረው ተሰብስበው ይቀመጣሉ። አረፋው እጄ ላይ ሆኖ ነው ያስታወስኩት።

"ሰኞ ና" አልኩት።

"ይስቁብኛል ቲቸር።"

"ያሳቅኋቸው እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።"

ነጠላውን ጨመቀ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

አልመጣም።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ሁለት ሳፋ ይዤ ገባሁ። አንዱን ራሴ አምስት ጊዜ ለቅልቄዋለሁ፣ ሌላው እንዶድ እንደነካው ነው። ልጀምር ስል ይሁኔ በሩ ላይ ቆሟል። "ና፣ ገለባውን አንተ በትነው" አልኩት።

በንጹሑ ሳፋ ላይ ገለባው ቀስ እያለ ተጠጋጋ። በሌላው ሰጠመ።

"ጥያቄዬ ግን ያው ነው፣ ቲቸር። ማን አዘዘው?"

ማንም አልሳቀም።

"ውሃው ነው የሚያጠጋጋው። እስከዚህ ነው የማውቀው፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

ደብተሩን ገልጦ ጻፈ። ጠጋ ብዬ አየሁ። መጨረሻው ላይ "ከዚያ ወዲያ ቲቸርም አያውቅም" ይላል።

ሰርዘው አላልኩትም።