ልብስ ማስጫ ያደረግነው ሽቦ

አባብዬ፣

ከተለየኸን አንድ ክረምት አልፎ ውርጩ ተመልሶ መጥቷል። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ እንግዳ ሲመጣ አሁንም ጓዳ እገባለሁ። ሰሞኑን ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ወደ ኩሬው እወርዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የያዝኩትን ሥራ ሳልጨርስ ደግሞ እወርዳለሁ። ለማን እንደምነግረው ስለጠፋኝ ላንተው ልጻፍልህ።

ቤቱ ደህና ነው። ጊደሯ ወልዳለች። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ነጭ ሽንኩርቱን ወንድምህ ጋሼ ደምሴ ተከሉልን። በርሜል አገጣጥመህ የሠራሃት ታንኳ ከሳንቃው መረማመጃ ጋር እንደታሰረች ናት። በላይዋ የነበረው የውሃ መሳቢያ ሞተር ግን ካንተ በኋላ ተነሥቶ ቤት ተቀምጦ ነበር።

አሟሟትህን ሰው እንዴት እንደሚያወራው ብትሰማ ትስቃለህ። ኩሬው ባለቤት አለው ተባለ። ጠበል ተረጨበት። ወንዝ ሲሞላ በዋና የምትሻገር ሰው፣ ከቱቦው ላይ ሣር ልታነሣ ደረትህ በማይደርስ ውሃ ገብተህ ስትቀር ሌላ ምክንያት አልተገኘለትም።

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርቱ ውሃ ሲጠማው ጋሼ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዘው መጡ። ሰውየው ሞተሩን ፈትሾ ኮረንቲው ወደ ብረቱ እንደሚያመልጥ፣ ከብረቱ ወደ በርሜሎቹ፣ ከዚያም ወደ ውሃው እንደሚሄድ ነገራቸው። መሬት የሚገባው ሦስተኛው ሽቦ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። እማዬ አንገቷን ደፋች። ሰውየው ሲወጣ ከልብስ ማስጫው ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈ። የሚፈልገው ሽቦ በእማዬ ነጠላ ተሸፍኖ ከራሱ በላይ ነበር።

ትዝ ይልሃል? ደብረ ብርሃን ሽቦዎቹን ስንገዛ ባለሱቁ ቢጫና አረንጓዴው ከብረት ዘንግ ጋር መሬት ይቀበራል ብሎን ነበር። አንተ ኮረንቲ እንደ ድንች አይተከልም ብለህ ሳቅክ። ቤት ስንደርስ እኔ ጫፉን ያዝኩልህ፣ አንተ ከባሕር ዛፉ ጋር ወጥረህ አሰርከው። እማዬ ማስጫ ስትለምንህ ከርማ ነበርና ደስ አላት። አሁን እውነቱን ማንሣት አንተን መውቀስ ሆነብን። ኩሬው ቢወቀስ ቀለለን።

ጋሼ ዘንግ እስኪገዛ ሽንኩርቱ ይደርቃል ብለው በማግሥቱ ሞተሩን ታንኳዋ ላይ መልሰው በሁለቱ ሽቦ ብቻ አስነሡት። ብዙም ሳይቆይ ቱቦው ሣር ያዘ። ሞተሩ እየሠራ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። መረማመጃው ላይ ከቆሙት ጎረቤቶች አንዱ፣ የኩሬውን ባለቤት ሰላም ይበሉልን እያለ ይቀልዳል። እኔ ግቢ ነበርኩ። ሮጬ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ዘጋሁት። ልብሱን መሬት ላይ ጥዬ ማስጫውን ፈታሁና እየጎተትኩ ወረድኩ። ሁሉም ያዩኛል። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ጋሼ፣ አይግቡ። አባዬን ኩሬው አልገደለውም። መሬት መቀበር የነበረበት ሽቦ ይኸው። ማስጫ ያደረገው ራሱ ነው።»

ጋሼ እግራቸውን ከውሃው አወጡ። እማዬ አንዴ አየችኝና የወደቀውን ልብስ ለቅማ አጥሩ ላይ አሰጣችው።

ሠራተኛው ተመልሶ የሚያመልጠውን ሞተር ጠገነ፣ ዘንጉን ቀበረ፣ በዚያው ሽቦ ሞተሩንና በርሜሎቹን ከዘንጉ ጋር አገናኘ፣ ኮረንቲ ሲያመልጥ በራሱ የሚዘጋ ብሬከርም ገጠመ። ሽንኩርቱ ጠጥቷል። እኔ ግን አላረፍኩም። ጥፋትህን በሰው ፊት አወጣሁብህ፤ ተቀየምከኝ ይሆን? ትናንት እማዬን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ይቆጣሽ ነበር፣ ከዚያ ይስቅ ነበር አለችኝ። ይህን ስትል እሷም ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ብሬከሩ ጥሩ ነው ይላሉ። ቢሆንም ሰው ወደ ታንኳዋ ሲወርድ ማጥፊያውን የምዘጋው እኔ ነኝ። ወጥቶ እግሩን ሣሩ ላይ እስኪጠርግ እጄን ከማጥፊያው አላነሣም። ያን ጊዜ ሁሉ የማስበው አንተን ነው፤ ውሃ የሚገባ ሰው እስካለ ድረስም እንዲሁ አስብሃለሁ።

ልጅህ ማኅሌት